የእናቴ ቀማሽ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት እናቴ የምትሠራውን ምግብ መቅመስ አቆመችና ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሻርፗን ጫፍ አፏና አፍንጫዋ ላይ አስራ፣ ከማድቤቱ በር ራቅ ብላ ቆመችና «ፈቲሀ፣ እስቲ ግቢና ጎመኑን ቅመሺልኝ» አለችኝ። ገባሁ፤ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ቤታችን ውስጥ እኔ ያልቀመስኩት ወጥ ከእሳት አልወረደም።

ይህ ለእኔ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የሚገባው እናቴን የሚያውቅ ሰው ነው። እናቴ ባሂራ ቡታጅራ መናኸሪያ ጀርባ ምግብ ቤት አላት። ወደ ሆሳዕና የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ እሷ ቤት ሳይበላ ማለፍ አይሆንለትም። ድስቷ ውስጥ እጁን የሚሰድ ሰው፣ ባሏም ይሁን ልጇ፣ ጣቱን በማንኪያ ጀርባ ትመታዋለች። ቅቤ ሊሸጡላት የሚመጡ ሴቶች ጥቅላቸውን በእንሰት ቅጠሉ እንዳለ ያቀብሏታል፤ ሳትገልጠው ታሸተውና «ይሄ ከአገና የመጣ ነው፤ ያኛው ደግሞ ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ ውሰጂው» ትላለች። አንዷም ተከራክራ ስትረታት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ዓመት በፊት ቤታችን አብሮ የመብላት ልማድ አልነበረውም። እናቴ ደንበኞቿ ከተነሡ በኋላ ቆማ ትጎርሳለች። አባቴ ሀቢቡ የበርበሬ ነጋዴ ስለሆነ የሚበላው ገበያው ባገኘው ቦታ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ራምዚ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምግብ ቤቱ ጓዳ እንገባና ፓስታ እናስደርጋለን። የአባቴ አባት፣ አባባ ሸምሱ፣ እቤት ነው የሚውሉት፤ ምሳቸውን በምሳ ዕቃ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ክዳኑን ከፍተው ያሸቱና «እጇ ይባረክ» ብለው ብቻቸውን ይበላሉ።

መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ የምግብ ቤቷን ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ በሩን ቆለፈች። ከቤት አትውጡ ተባለ። ለትልልቆቹ ጭንቅ ነበር፤ ለእኔ ግን አይቼው የማላውቀው ድግስ ተጀመረ። የምግብ ቤቱ ትልቁ ትሪ ወደ ቤታችን መጣና አምስታችንም በቀን ሦስት ጊዜ ዙሪያውን መቀመጥ ጀመርን።

እቤት መዋል መጀመሪያ ሆዳችንን አሰፋው። በቁርስና በምሳ መካከል ሌላ ቁርስ ተፈጠረ። አባቴ የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠመ ዜና ያያል፤ ዜናው ሲያስደነግጠው ሌላ እፍኝ ይዘግናል። ፓስታውም ሥጋውም እየተመናመነ ሲመጣ ደግሞ ከእናቴ ወላጆች ጓሮ በሚላክልን ቆጮ ላይ ወደቅን። ራምዚ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ቆጮ ሲያይ አፍንጫውን የሚይዝ የከተማ ልጅ። አባባ ቆጮውን በጎመንና በአይብ ይጠቀልሉና «አፍህን ክፈት፣ ፓስታ ነው» ይሉታል። ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል። ረመዳን ሲገባ ቆጮ ካልቀረበ አላፈጥርም ብሎ የሚያለቅሰው እሱ ሆነ፤ ጾሙን ግን የሚጾመው እስከ ረፋድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ትሪ ሁሉ የማልረሳው የአባባንና የእናቴን ነገር ነው። አባባ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእናቴ ሳያጎርሱ መብላት አይጀምሩም። እሷም አጸፋውን በእጥፍ ትመልሳለች። «አባዬ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። «ይቺ ብቻ እያልሽ ልትገድይኝ ነው» ይሏታል፤ አፋቸውን ግን ከፍተዋል። ለአማትና ለምራት እንዲህ መሆን የሁሉም ቤት ወግ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አባቴ በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። ሁለት ቀን ቆረጣጠመው። «የክረምቱ ብርድ ነው» አለና ዳማከሴ ታሽቶ ተነሣ። ከቀናት በኋላ ደግሞ እናቴን ራሷን አመማትና ተኛች፤ እሷም ተነሣች። በተነሣች ቀን የሠራችው ሾርባ ግን ጨው በጨው ነበር።

ራምዚ ተፋው። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። እናቴ የሁላችንንም ፊት ተራ በተራ አየች። ከዚያ የራሷን ቀመሰች፤ እንደገናም ቀመሰች። አባባ ብቻ ሳህናቸውን እስከ ታች ጨልጠው «አልሐምዱሊላህ፤ ዛሬስ አበጀሽው» አሉ።

በማግስቱ ምሳ ሲቀርብ አባባ አልመጡም። ልጠራቸው ብሄድ በሩን ገርበብ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ክፍሌ ነው የምበላው» አሉኝ። «የእናንተ ጫጫታ ሰለቸኝ። ምግቤን በረንዳው ላይ አስቀምጡልኝና ሂዱ።»

መልእክቱን አደረስኩ። እናቴ ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደላት መሰለች። የዚያኑ ቀን ትሪውን አጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ለየራሳችን ሳህን ተሰጠን። የእሷ ሳህን ቀይ ጠርዝ ያለው ነበር፤ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ማድቤቱ ጎን ወዳለችው እቃ ቤት ፍራሽ አስገባችና እዚያው መብላት፣ እዚያው መተኛት ጀመረች።

«እናታችሁ ደክሟታል፤ ትረፍበት» አለን አባቴ።

እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። እናቴና አባባ ተጣልተዋል። አባባ ሾርባውን የጠጡት ለይሉኝታ ነው እንጂ ተቀይመዋል፤ እሷም አኩርፋለች። ማስረጃም አገኘሁ። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ አባቴ በእቃ ቤቷ መስኮት በኩል ከእናቴ ጋር በጉራጊኛ ሲያወራ ሰማሁ። ትልልቆቹ ምስጢር ሲኖራቸው ወደ ጉራጊኛ ይሻገራሉ፤ እኔ ደግሞ የምሰማው ግማሽ ግማሹን ነው። እናቴ «ምላሴ ሞቷል» አለች። ቀጥላም «አባዬ እንዳይሰሙ» አለች። ከዚያ «ይወስዱኛል»፣ ከዚያም እያለቀሰች «ማን ከእጄ ይበላል?»

ቁርጥራጮቹን ገጣጠምኳቸው። ምላሷ ሞቷል፦ ከአባባ ጋር ዳግመኛ ላትነጋገር ወስናለች። ይወስዷታል፦ ወንድሞቿ መጥተው ወደ ወላጆቿ ቤት ሊወስዷት ነው። ከእጇ የሚበላ የለም፦ አባባ የእሷን ምግብ አልበላም ብለዋል።

ዛሬ አሥራ ስምንት አልፎኛል፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው። ባለፈው ዓመት እረፍት ወጥቼ ቤት ሳለሁ ነው እናቴ ሽንኩርት እየላጠች እንደ ቀልድ የነገረችኝ። ምላሴ ሞቷል ስትል ምላሷ ሞቶ ነበር። ከራስ ምታቱ በኋላ ጨውና ስኳር፣ ለጋ ቅቤና የቆየ ቅቤ አንድ ሆነውባት ነበር። ይህ የኮሮና ምልክት እንደሆነ ደግሞ አባቴ በቴሌቪዥን ሰምቷል። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ከድጄ አጥር ላይ ሆና ያወራችውን እናቴ አልረሳችም፤ በአምቡላንስ ስለወሰዱት ሰውዬ፣ ቆሞ ስላየው ሰፈር፣ ሚስቱ የሸጠችውን እንቁላል ሳይቀር ስለደፉት ሰዎች። እናቴ በእጇ ሠርታ የምታድር ሴት ናት።

«መመርመር ነበረብኝ። ወላሂ ነበረብኝ» አለችኝ። «ግን ፈራሁ። ከሁሉም በላይ የፈራሁት ለአባዬ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው፤ አስም አለባቸው። ትሪው ላይ እያጎረስኳቸው ነበር እኮ፣ ፈቲሀ! ባውቅ ኖሮ እጄን እቆርጠው ነበር።»

ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው መሾሜን ነው። ዝናቡ ሲዘንብ እናቴ ከእቃ ቤቷ ክፈፍ ሥር ትቆማለች፤ እኔ ማድቤት ውስጥ ነኝ፤ በመካከላችን አምስት እርምጃ ያህል ግቢ አለ። ከዚያ ሆና ታዝዘኛለች። «ሽንኩርቱ ወርቅ መስሏል? አሁን ቅቤውን። ቆይ ቆይ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ!» ስጨርስ አስቀምሳኝ ትጠይቀኛለች።

«ምን ምን ይላል?»

«ይጥማል።»

«መጣሙንማ አውቃለሁ። መጀመሪያ ምን ይመጣል?»

«ኮሰረቱ።»

«ከዚያስ?»

«ኮረሪማው። ከዚያ… ከዚያ ጎመኑ ራሱ። ትንሽ መረር ይላል፣ መጨረሻ ላይ።»

«መረር ይላል» ትላለች እሷም፣ ዓይኗን ጨፍና። «ቅቤውስ?»

«ቅቤው ጉሮሮዬ ጋ ቀርቷል።»

ፈተና ይመስለኝ ነበር። በትክክል ለመመለስ ሌሊት ሳይቀር ቃላት እፈልጋለሁ። ራምዚን አስቀምጬ «ምን ምን ይላል?» እለዋለሁ፤ እሱ «ራት ራት ይላል» ይለኛል። ለካ ፈተና አልነበረም። እናቴ ለአራት ሳምንት በእኔ አፍ ነበር የምትበላው።

ከሹመቱ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ነገር ግን አልተመቸኝም። እናቴ ትነካኝ አልነበረም። ፀጉሬን መሥራት ተወች፤ አባቴ ነው በዚያ ወፍራም ጣቱ ጎትቶ የሚያስይዘኝ። ሮጬ ልጠጋት ስል እጇን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ «እዚያው!» ትለኛለች። አለቃ ከሠራተኛው ጋር እንዲህ ነው መሰለኝ ብዬ ቻልኩት። ማታ ማታ ግን ራምዚ እሷን ብሎ ሲያለቅስ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

አረፋ ሐምሌ ሃያ አራት ቀን ዋለ። በሌላ ጊዜ አጎቶቼና ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ግቢው መድረሻ ያጣል። ያን ዓመት ማንም አልመጣም። አባቴ የቅርጫ ሥጋ አመጣና ከተፈው። እኔ ቅቤውን አቅልጬ፣ ሚጥሚጣውን በማንኪያ ለክቼ፣ እናቴ ከክፈፉ ሥር እያዘዘችኝ አሸሁት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ክትፎዬ ነበር። ቀምሼ ስነግራት «እንግዲህ ሞያ ያዝሽ» አለችኝና ከሻርፑ በላይ ዓይኖቿ ሳቁ።

በደስታዬ መካከል የአባባ በር ታየኝ። በአረፋ ቀን ተዘግቷል። ሰው በአረፋ ካልታረቀ መቼ ሊታረቅ ነው? እናቴ ከሳህኗ ሁለት ጊዜ ጎርሳ፣ በርጩማው ላይ አስቀምጣው ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ዞረች። ያንን ሳህን አነሣሁት። ከአንድ ሳህን ከበሉ ኩርፊያው ያበቃል አልኩ በልቤ። በረንዳውን በሁለት እርምጃ አለፍኩት።

አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር።

«አባባ፣ ዒድ ሙባረክ። እናቴ ልካኝ ነው። ይታረቁኝ ብላለች።»

«ማን? እኔ?»

«አዎ። ይኸው፣ ከራሷ ሳህን ነው። እሷም በልታበታለች።»

አባባ ቀዩን ጠርዝ አዩት። ትክ ብለው አዩት። «እዚያ መሬት ላይ አስቀምጪው፤ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ» አሉ።

«አይሆንም፣ አሁን!» ቆጮውን በክትፎ ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። አባባ አፋቸውን ገጠሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተወልጄ ጉርሻዬን እምቢ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እንዳይበሉ!»

እናቴ ናት። ውኃውን ጥላ፣ በባዶ እግሯ በጭቃው ስትሮጥ መጣች። በረንዳውን ከረገጠች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር። ሳህኑን ከእጄ መታችው፤ በረንዳው ላይ ተገለበጠና ክትፎዬ ከእነ ቆጮው ግቢው ጭቃ ላይ ተበተነ። ከዚያ እሳት እንደነካት ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሁለት እጇን ሻርፗ ላይ ጭና።

«በሉ? አባዬ፣ በልተዋል?»

«አልበላሁም» አሉ አባባ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። «ባሂራ፣ ስሚኝ፤ አንድም አልበላሁም። ልጅቷን እንዳትቆጪያት። እጇን ትታጠብና ትምጣ።»

አባቴ ቧንቧው ጋ ወስዶ እስከ ክርኔ በሳሙና አጠበኝ፤ ሦስት ጊዜ። እየነፈረቅኩ «ምን አጠፋሁ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ፤ የእሱም ድምፅ ልክ አልነበረም። ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴ ምግቧን እንኳ እንዲቀምሱት የማትፈልግ ከሆነ፣ ይህ ጠብ በእኔ የሚፈታ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው እናቴን ከአባባ መስኮት ሥር፣ ከቡና ዛፏ ጀርባ ቆማ አያት ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ አፏ እምቢ ብሏት ነው እያልኩ አዝንላት ነበር። እሷ ግን ይስሉ እንደሆነ ነበር የምታዳምጠው። ያቺ ሳህን አፋቸው ድረስ ከተጠጋችበት ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ቀን ጆሮዋን ጥላ ቆየች። አባባ አልሳሉም።

ከአሥራ አራቱ ቀን በአንዱ፣ ነሐሴ መግቢያ አካባቢ፣ ብቻዬን ጎመን ሠራሁ። ሞያ መያዜ ራሴ ላይ ወጥቶ ስለነበር ቃሪያውን ያለ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ ከእነ ፍሬው፣ ያገኘሁትን በሙሉ። እናቴ ሳህኗን ተቀብላ ክፈፉ ሥር ተቀመጠች። አንድ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመች። ዓይኗ ፈጠጠ፤ በእንባም ግጥም አለ።

«አቃጠለሽ?» አልኩ ደንግጬ።

«አቃጠለኝ» አለች በሹክሹክታ። ሌላ ጎረሰች። «ያ አላህ! ሀቢቡ! ና! አቃጠለኝ! ልጄ አቃጠለችኝ!»

አባቴ እየሮጠ መጣ። እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትጎርሳለች። አባቴ ከእጇ ነጥቆ ሊቀምስ ሲል ከለከለችው፤ ጭብጨባ ብቻ ቀረው። ሁለቱም እብድ መሰሉ። እኔ መጥበሻውን አስቀምጬ ገባሁና አልጋዬ ላይ ተደፋሁ። በአንድ ቀን ስህተት እንዲህ መሳለቂያ መሆን!

አሥራ አራቱ ቀን እንዳለቀ ትሪው ከግድግዳው ወረደ። እናቴ ሻርፗን ፈታ፣ እኔንና ራምዚን እየደጋገመች አገላብጣ ሳመችን፤ ራምዚ «በቃ፣ በቃ» እስኪል። አባባ ሳይጠሩ መጡ። ቦታቸው ላይ ተቀመጡና ምንም ሳይናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። እናቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። አባባ በቀስታ አኘኩ፤ ሁላችንም እየጠበቅናቸው፣ «ጨው አንሶታል» አሉ። አባቴ በሳቅ ትን አለው።

እንግዲህ ታረቁ። ያስታረቅኋቸው እኔ ነኝ፤ በዚያች በጭቃ በወደቀች ሳህን ምክንያት ልባቸው ተሰብሮ ነው ብዬ ዓመታት አምኜ ኖርኩ። ከሥራዬ ግን ያለ ምስጋና ተሰናበትኩ። በማግስቱ ልቀምስ ድስቱ ውስጥ ጣቴን ስሰድ የማንኪያው ጀርባ አረፈብኝ።

ባለፈው ዓመት እናቴ እውነቱን ነግራኝ ስታበቃ፣ «አባባስ ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«አያውቁም፤ እግዜር ይስጠው ኩርፊያቸውን!» አለች፤ ክርስቲያን ደንበኞቿ ያስለመዷትን አባባል አንዳንዴ ትናገራለች። «በራሳቸው ጊዜ አኩርፈው ክፍላቸው ገቡልኝ እንጂ ምን ምክንያት እሰጣቸው ነበር? የአረፋውን ቀን ሥጋው ተበላሽቶ ነው ብያቸው አለፍኩት፤ እስከ ዛሬም አልሰሙም። እንዳትነግሪያቸው።»

ወደ በረንዳው ወጣሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልነግራቸው አልፈለግኩም፤ ሳልጠይቃቸው ግን ማለፍ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ያኔ ቤት የዋልን ጊዜ ለምን ነበር ያኮረፉት?»

በዓይናቸው ጥግ አዩኝ። «ነገረችሽ እንዴ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ከዚህች መስኮት አየኋት» አሉ። «ሾርባው ጨው በሆነበት በነጋታው ጠዋት ነው። ማድቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ ቅቤ ታሸታለች። አሸተተች። ገለበጠችና በዚያኛው በኩል አሸተተች። ቅጠሉን ገልጣ አፍንጫዋን ቅቤው ውስጥ ከተተች፣ ልጄ፣ ባሂራ! ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ፊቷን ሸፈነች። ሬዲዮ እሰማለሁ እኮ እኔም።»

«ታዲያ…»

«እሷ ከትሪው ልትነሣ ምን ትበል? እኔ ቀድሜ ተነሣሁላት።»

«ለምን አልነገሯትም? በኋላስ፣ ከዳነች በኋላ?»

አባባ ወደ ማድቤቱ አዩ። «እኔ እንዳልሰማ ስንት ደክማለች» አሉ። «ለእኔ እንዲያ የደከመልኝ ሰው የለም። በከንቱ ነው የደከምሽው ልበላት?» ጉልበቴን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «አንቺም እንዳትነግሪያት።»

እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ብቅ አለች። ሁለታችንንም አየች።

«ምንድን ነው የምትመካከሩት?»

«ርቦናል» አሉ አባባ።

«ውይ፣ በሞትኩት! ይኸው ደረሰ» አለችና ሮጣ ገባች።